ምስል ማሠራት፦ ከናርጋ ሥላሴ እስከ ኮልፋክስ

በዴንቨርም ሆነ በአውሮራ ከሐበሻ ቤት ሳሎን የገባ ሰው ግድግዳው ላይ ሁለት ነገር አያጣም። አንዱ እንደየሃይማኖቱ የሚሰቀለው ቅዱስ ሥዕል ወይም የመካ ምስል ነው። ሁለተኛው የእናት ወይም የአባት ፎቶግራፍ ነው። ይኸኛው ብዙውን ጊዜ ከመታወቂያ ላይ ተነሥቶ እንዲተልቅ የተደረገ ጉርድ ፎቶግራፍ ስለሆነ ዐይኑ የደነገጠ፣ ጉንጩ በፍላሽ የነጣ፣ ጠርዙ የደበዘዘ ነው። እናታችን በሕይወት ሳሉ እንዲህ ያለ ፊት አሳይተውን አያውቁም። ግን በእጃችን ያለው እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ የተሻለ የሚሹ ወገኖች ይህንኑ ፎቶ ይዘው ወደ ሠዓሊ ይሄዳሉ። በዘይት ቀለም፣ በሸራ ላይ፣ እናቴን ሥራልኝ ይላሉ። ነገሩ በቡና ጨዋታ ላይ ሲነሣ ግን በአብዛኛው የሚወራው ስለ ዋጋው ነው። «ለአንድ ሥዕል ይህን ያህል? ፎቶ ቤት አጉልተው በሃያ ዶላር ይሰጡህ የለም እንዴ?» ይባላል። እኛ ግን ከዋጋው በፊት ስለ ልማዱ ታሪክ ጥቂት ለማለት ወደድን። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በስተቀር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ምስል ማሠራትን ከፈረንጅ የተማርነው የሚመስለው ሰው ካለ ወደ አክሱም ይመለስ። ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ የአክሱም ነገሥታት መልካቸውን በወርቅና በብር ገንዘብ ላይ አስቀርጸዋል፤ ስማቸውንም በዙሪያው አስጽፈዋል። የንጉሡ ስም ከአሥራ ሰባት መቶ ዓመት በኋላም ይነበባል። ያንን በአውራ ጣት ጥፍር ልክ የሆነ ፊት የቀረጸው ሰው ስም ግን የትም የለም። እዚህ ላይ አንባቢ ያዝ ያድርግልን፤ በአንድ ምስል ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት ሰዎች አሉ፦ ያሠራው፣ የሠራውና የተሣለው። የአክሱም ንጉሥ ያሠራውም የተሣለውም እሱ ነበርና ስሙ በሁለት በኩል ተጠብቆለታል። ሠሪው ግን ከመጀመሪያው ቀርቷል።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዘመን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ባለጸጋው ወይም መኳንንቱ ምስላቸውን ያሠሩ የነበሩት ለብቻቸው ተቀምጠው ወይም በፈረስ ላይ ሆነው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸ፣ መጽሐፍ ያስጻፈ ወይም ሥዕል ያሠራ ሰው በእመቤታችን ወይም በጻድቁ እግር ሥር ትንሽ ሆኖ፣ ተደፍቶ ወይም ተንበርክኮ ይሣል ነበር። ከጎኑም እገሌ እንደተማጸነ የሚገልጽ ጽሑፍ ይጻፍለታል። ይህ ምስል የሚሠራው በመጀመሪያ ለሰው ዐይን አይደለም፤ ቅድስቲቱ ዝቅ ብላ እንድታየውና እንድታስታውሰው ነው።

የዚህ ልማድ ዕንቁ በጣና ሐይቅ ላይ በደቅ ደሴት የሚገኘው የናርጋ ሥላሴ ነው። ያሳነጹት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባላቸው ዓፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር መንግሥቱን ይዘው ያስተዳደሩት እሳቸው ነበሩ። ጎንደር ላይ የቁስቋምን ግቢ ያሠሩ፣ ልጃቸውን አንግሠው ራሳቸውም ዘውድ የደፉ ብርቱ ሴት ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለች እመቤት ሠዓሊ ጠርታ «ሥራኝ» ብትል ምን ሆና ልትሣል ትችል ነበር? በዙፋን ላይ፣ በዘውድ፣ በሠራዊት መካከል። በናርጋ ግድግዳ ላይ የምናየው ግን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ስትቀመጥ እቴጌይቱ ከእግሯ ሥር በምድር ላይ ተዘርግተው ነው። ልብሳቸው ያማረ ነው፤ ንግሥት መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። ግን ወለል ላይ ናቸው።

ትሕትና ነው የሚሉ አሉ፤ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ቤት ማን እንዳሳነጸው ከዚያ የገባ ሁሉ እስከ ዛሬ በዐይኑ ያያል። ያ ተዘርግቶ የሚታየው ገላ ጸሎትም ነው፤ ፊርማም ነው። ሁለቱን በአንድ ሥዕል አዋህዶ መሥራት የቻለው ሰው ደግሞ ቀላል ሠዓሊ አይደለም። የዚያን ዘመን ሠዓሊዎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት ነበር፤ የሐይቁን እርጥበትና ዘመኑን ተቋቁሞ የቆየልን እንዲህ ሆኖ ነው። እቴጌ ምንትዋብን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሠዓሊዎቹን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ስማቸው የተረፈ ጥቂቶች እንዳሉ መዘንጋት የለበትም። በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለ መነኩሴ ሠዓሊ በ1445 ገደማ በሠራውና በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን ጽፎ ትቶልናል። ያቺ አንዲት ፊርማ ስላለች ነው ዛሬ ሊቃውንት በስሙ ብዙ ሥራዎችን አመሳክረው የሚለዩት። ከእሱ በኋላ የመጣው የቬኒሱ ኒኮሎ ብራንካሊዮንም፣ ሐበሾቹ መርቆሬዎስ ያሉት፣ አገራችን ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሮ ሲሥል ስሙ የቀረው በሥዕሉ ላይ ስለጻፈና የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ በመጽሐፉ ስላነሣው ነው። ስምን መጻፍ እንዲህ ቀላል፣ እንዲህም ከባድ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ሥዕል ሕግ ደግ ሰው ሁለት ዐይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን። የዐድዋ ጦርነት ሥዕል ያለበት ምግብ ቤት የበላ ሁሉ ቀና ብሎ ቢያይ የእኛ ሰዎች ፊት ለፊት፣ ጣልያኖቹ በጎን ሆነው ያገኛቸዋል። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ዓፄ ምኒልክ ስንደርስ ይመለሳል።

አሁን ወደ ፍሎሬንስ እንሻገር። በዚያች የጣልያን ከተማ ኡፊትሲ በሚባለው ዝነኛ ቤተ ሥዕል የዓፄ ልብነ ድንግል ምስል በዘይት ቀለም ተሠርቶ ይገኛል። ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት ንጉሥ ማለት ናቸው። ያሠሩት እሳቸው አይደሉም። የከተማይቱ ገዢ ኮሲሞ ደ ሜዲቺ፣ ፓውሎ ጆቪዮ የተባለ ሊቅ ኮሞ በሚገኘው ቤቱ የሰበሰባቸውን የዝነኛ ሰዎች ምስሎች እንዲገለብጥለት ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የተባለውን ሠዓሊ በ1552 ላከ። ሠዓሊው ለዓመታት ተቀምጦ ገለበጠ፤ ከገለበጣቸው አንዱ የኛ ንጉሥ ነበሩ። ኢትዮጵያን አላየም፤ ሥራውን ሲጀምርም ንጉሡ ካረፉ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሥዕል ላይ ሥዕል ነው የሠራው። ያሠራው መስፍን ስሙ አለ፤ የሠራውም ስሙ አለ፤ የተሣሉት ንጉሥም ስማቸው ተጽፎላቸዋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እውነተኛ መልካቸው። እዚህ አውሮራ ተቀምጦ አንድ ጉርድ ፎቶ ለማያውቀው ሠዓሊ የሚሰጥ ወንድማችን ከዚያ መስፍን ብዙ የራቀ እንዳይመስለው።

ከዚያም የባሰ አለ። በ1868 መቅደላ ላይ ዓፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሲወድቁ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ አስከሬናቸው አጠገብ ቆሞ ፊታቸውን በእርሳስ ነደፈ። ያው ሰው ከንጉሡ ዘንድ የነበረውን የኩርዓተ ርእሱን ሥዕል ወስዶ ለራሱ አስቀረ፤ ሥዕሉ በኋላ ተሽጦ ፖርቱጋል ገባ፤ እስከ ዛሬ ወዳገሩ አልተመለሰም። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት እንግሊዝ እንደደረሰ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ተቀመጠ። በፎቶግራፎቹ ላይ ያለውን ሐዘን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አባትም ልጅም «ሥሩን» አላሉም። ምስላቸው ተወሰደ እንጂ አልተሠራላቸውም፤ ሁለቱ እንደማይመሳሰሉ ስደተኛ ሁሉ ይገባዋል። እኛስ የመጀመሪያ ፎቶግራፋችንን የተነሣነው ማን ፈልጎት ነበር? ከመጠለያ ጣቢያ ቁጥር ጋር አይደለም እንዴ?

ዓፄ ምኒልክ ሲነሡ ምስል የመንግሥት ሥራ ሆነ። በ1894 ፓሪስ ላይ መልካቸው ያለበት ገንዘብ ተቀረጸ፤ የፖስታ ቴምብርም ታተመ። የገንዘቡ ቀራጭ ላግራንዥ፣ የቴምብሩ ሙሾን ይባላሉ፤ ሁለቱም ፈረንሳዊ ናቸው። በገንዘቡ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በጎን ይታያሉ፤ አንድ ዐይን! የጎንደር ሠዓሊ ቢያየው ምን ይል ይሆን? ፈረንጁ የራሱን የገንዘብ ሥርዓት ተከተለ እንጂ ምኒልክን መስደቡ አልነበረም። የሚያስቀው ነገር ጎኑ ተቀርጾ የወጣው ንጉሥ በዐድዋ ሥዕሎች ላይ በሁለት ዐይኑ መታየቱ ነው። ሰው አንድ ፊት ኖሮት እንደ አሠሪውና እንደ ሠሪው ሁለት መልክ ይኖረዋል ማለት ነው።

በ1905 ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ አዲስ አበባ ገብቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሥራውን ወርሰው እስከ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። ከዚያ ወዲህ የመሪዎቻችን ምስል ከፎቶግራፍ ላይ ይገለበጥ ጀመር። ሠዓሊው ባለ ዘውዱ ፊት ሰዓታት መቀመጥ ቀረለት። ቀረለት ብንልም ጥቅም ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ቅጽበት የተያዘ ፊት እንጂ ሲናገር፣ ሲቆጣ፣ ሲስቅ የታየ ፊት አይደለምና።

የዘይት ቀለም በሸራ ላይ የሚሥል፣ በፈረንጅ ትምህርት ቤት የተማረ ኢትዮጵያዊ ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩት የጎንደሩ አገኘሁ እንግዳ ናቸው። በ1920ዎቹ ፓሪስ ሄደው ሥዕል ተምረው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተመለሱ። የራሳቸውን ምስል በዘይት ቀለም ሥለው ትተዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ያሠራው፣ የሠራውና የተሣለው አንድ ሰው ሆነዋልና።

ለእኛ አሜሪካ ላለነው ይበልጥ የሚቀርቡን ግን አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ሰላሌ ተወልደው ያደጉት በቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ ነው፤ አጎታቸው እማዕላፍ ኅሩይ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከ1949 እስከ 1954 ቺካጎ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ተቋም ተማሩ። ከኛ በፊት የዚህን አገር ብርድ የቀመሱ ማለት ናቸው። ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ከዚያ የወጣ ተማሪ ሁሉ የሰው ፊት ከሞዴል እያየ መሥራትን የተማረ ነው። በደርግ ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩትም፣ እነ ታደሰ መስፍንና እሸቱ ጥሩነህ፣ ሌኒንግራድና ሞስኮ ይህንኑ ትምህርት አጠናክረው ተመልሰዋል። እንግዲህ እዚህ ከተማ የኢትዮጵያ ሠዓሊ አግኝቶ ምስል የሚያሠራ ሰው ከአንድ ጎረምሳ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚህ ሁሉ የትምህርት ሐረግ ጋር እየተዋዋለ ነው።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1932 አንኮበር የተወለዱት እኚህ ሰው በ1947 ማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ እሳቸው ግን ወደ ሥዕል ዞረው ለንደን ላይ ስሌድ በተባለው ትምህርት ቤት ተማሩ። የአፍሪካ አዳራሽን የመስተዋት ሥዕል የማያውቅ ያለ አይመስለንም። እዚህ የምናነሣው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1981 የራሳቸውን ምስል የሳሉበት ሥዕል ፍሎሬንስ ገባ፤ ያው ኡፊትሲ! ልብነ ድንግል ከአራት መቶ ዓመት በፊት በማያውቃቸው ሰው እጅ ተሥለው በገቡበት ቤት አፈወርቅ በገዛ እጃቸው ተሥለው፣ በገዛ ፊርማቸው ገቡ። በ2012 እስኪያርፉ ድረስ ሰውየው በኩራታቸው ይታሙ ነበር። ይታሙ! ስማቸውን ያልጻፉ ሠዓሊዎችን ሁሉ ድርሻ የጻፉ ይመስለናል።

በንጉሡ ዘመን የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያልተሰቀለበት መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ምስላቸውም ከየግድግዳው ወረደ። ሚስማሩ ቀርቶ ስለነበር ሌላ ተሰቀለበት። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ፊት አብዮት አደባባይ ላይ እንደ ሕንፃ ገዝፎ ቆመ፤ ቀጥሎም የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም። በዚያን ጊዜ የሰው ፊት መሣል ለብዙ ሠዓሊ የእንጀራ ጉዳይ ነበር፤ አሠሪው አንድ፣ ተሣዩም የታወቀ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ያም በተራው ወረደ። በየመጋዘኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የቀረውን ሸራ ቆጥሮ የሚነግረን የለም።

ይህ ሁሉ የባለሥልጣን ምስል ሲወጣና ሲወርድ ተራው ቤተሰብ ምን ነበረው? ፎቶ ቤት ሄዶ በተሣለ መጋረጃ ፊት የተነሣው የሠርግ ፎቶ፣ የተማሪ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ያም ቢሆን አደጋ ሆነ። አሳሽ ከመምጣቱ በፊት የልጁን ፎቶ ከጓደኞቹ ጋር የተነሣውን ያቃጠለ ወላጅ ጥቂት አልነበረም። በ2010 አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ፊቶች ያየ ሰው አብዛኞቹ ጉርድ ፎቶዎች መሆናቸውን ልብ ይላል። ሌላ ያልተረፈለት ቤተሰብ ያለውን ሰጠ።

በሱዳን በኩል የወጣው ወገናችን ደግሞ አልበም ተሸክሞ አልወጣም። በ1980 አሜሪካ የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ ወደዚህ ከተማ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ብዙዎቹ የእናታቸውን መልክ ይዘው የመጡት በልባቸው ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ በሰው እጅ በፖስታ አንድ ፎቶ ይደርሳል። ቀጥሎ ስልክ ይደውላል፤ እናት አርፈዋል። ወረቀቱ ስላላለቀ ወይም ፈቃድ ስላልተገኘ ለቀብር መሄድ አልተቻለም። ኮልፋክስ ላይ ካለ አፓርታማ ውስጥ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ያቺ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ሻማ ተለኩሶላት ትቆማለች። ምስል የማሠራት ሐሳብ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። እንግዲህ «ይህን ያህል?» የሚለው ሰው የጠየቀው ስለ ቀለም ዋጋ ይሁን ስለዚህ ሁሉ መለየት ራሱን ይመርምር።

ወደ ሥራው እንግባ። ፎቶው ላይ እናት ከል ለብሰው ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቀበሌ መታወቂያ ሲወጣ በሐዘን ላይ የነበሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ሠዓሊው ያየውን ከገለበጠ ለዘላለም በሐዘን ትቷቸው ሄደ ማለት ነው። የነጠላው አጣጣልም እንዲሁ ነው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገት ላይ ካረፈ ለቅሶ መሆኑን ያገራችን ሰው ያውቃል፤ ያላደገበት ሠዓሊ ግን ማማሩን ብቻ ያያል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ብሎ በየትኛው ቀን እንዲሣሉ እንደሚፈለግ መነጋገር ይገባል። የፋሲካ ቀን ናቸው? ገበያ ሲሄዱ? ቡና ሲያፈሉ? በአንገታቸው ላይ ንቅሳት ነበር? ማተባቸው ምን ቀለም ነበር? ሹሩባ ተሠርተው ነው ወይስ ሻሽ አስረው? እነዚህን የሚያስታውስ ታላቅ እህት ወይም አክስት ካለች ስልኩን ለሠዓሊው መስጠት ነው። መልካቸው ከእናታቸው የወረደ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ ለአንድ ሰዓት በሠዓሊው ፊት ቢቀመጥ አሥር ፎቶ የማይናገረውን ይናገራል፤ የጆሮውን አቀማመጥ፣ የአንገቱን አነሣሥ።

የቆዳ ቀለም ሌላ ጣጣ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጠይሟን ያጠቁራል፤ ፍላሽ ቀይዋን ያነጣል። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ የብርቱካን መልክ የምንላቸውን በአንድ ቡናማ ቀለም የሚያልፍ ሠዓሊ ካጋጠመ ገና በንድፉ ጊዜ መንገር እንጂ ሲያልቅ ማኩረፍ አይጠቅምም። ጥሩ ሠዓሊ ከሥራው በፊት ትንሽ የቀለም ሙከራ ያሳያል፤ ካላሳየ ይጠየቅ።

ዋጋው በሸራው መጠን፣ በሰዎቹ ብዛት፣ እጅ ይታያል አይታይም በሚለው ይለያያል። እጅ ከፊት ይልቅ ያስቸግራል ብንል የሚያምነን ሠዓሊ ብቻ ነው። ግማሹን ወይም ሲሦውን በቅድሚያ መክፈል የተለመደ ነው። እኛ ዘንድ ግን «ወገን አይደለህ እንዴ» የሚባል ቅናሽ አለ። ከኤርፖርት ታክሲ እየነዳ ሌሊት የሚሥል ወንድም ሸራውንና ቀለሙን የሚገዛው ከወገን ሱቅ አይደለም። ለፈረንጅ ጠበቃ ወረቀት የምንፈርም ሰዎች ለሐበሻ ሠዓሊ ስንሆን በቃል ብቻ መቅረታችን ኋላ ጠብ ያመጣል፤ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ክፍያው፣ ስንት ጊዜ እንዲስተካከል እንደሚቻል በአንድ ገጽ ይጻፍ። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፤ በ1976ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ሥዕሉን የገዛ ሰው ሸራውን ገዛ እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛም። ያ መብት በጽሑፍ ተፈርሞ ካልተላለፈ በቀር የሠዓሊው ነው። ለሙት ዓመት ከሥዕሉ ላይ ቲሸርት ወይም ፖስተር ለማሳተም የሚያስብ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ይፈራረም።

ሥዕሉ ሲያልቅ ከጀርባው፣ በእንጨቱ ላይ፣ በማይለቅ ቀለም የሚጻፍ ነገር አለ። የተሣሉት ሰው ሙሉ ስም ከነአባታቸው፣ የተወለዱበት አገር፣ ያሠራው ልጅ ስም፣ የሠዓሊው ስም፣ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢሆን ይመረጣል፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን የትኛውን እንደሚያነቡ ከአሁኑ መተንበይ አይቻልም። ከፊት ለፊት ደግሞ ሠዓሊው ይፈርም። «ፊርማው ሥዕሉን ያበላሸዋል፣ ትንሽ አድርገው» የሚሉ ደንበኞች አሉ። ናርጋ ላይ ምንትዋብ ስማቸውን ትንሽ አድርጉት አላሉም።

ያገራችን ደጋ ሰው የኮሎራዶን ከፍታ አይፈራም፤ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ነች። ደረቁ አየር ግን ለሸራ አይመችም። የክረምቱ ማሞቂያ እንጨቱንና ሸራውን ያኮማትረዋል፤ ስለዚህ ከማሞቂያ በላይ ወይም ከእሳት ማንደጃ በላይ አይሰቀልም። ፀሐዩም በዚህ ከፍታ ብርቱ ነው፤ በደቡብ መስኮት ፊት ለፊት የዋለ ሥዕል ቀለሙ ይለቃል።

የመጨረሻው ነገር ጊዜ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚቀየመውም በዚህ ነው። ለአርባው ይድረስልን ይላሉ። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ውሃው ተንኖ የሚደርቅ አይደለም፤ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። አንዱ ንብር ሳይደርቅ ሌላው ከተጫነበት በኋላ ይሰነጠቃል። በአርባ ቀን ውስጥ ጥሩ ሠዓሊ ፊቱን አስይዞ ቢያሳይ ትልቅ ነገር ነው። የመጨረሻው የቫርኒሽ ቅብ ደግሞ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠብቃል። ለሙት ዓመት የሚያስብ ግን ፎቶውን በሐዘኑ ወር ሠዓሊው ዘንድ ካደረሰ፣ አክስቶቹን ካስደወለና በየመሐሉ ሄዶ ካየ ይደርስለታል።